ሰባት ሰዓት ከሃያ

ሥራዬ ስፌት ነው፣ ፍራንኮ ጥግ ላይ፤
ጣራዬ ቆርቆሮ፣ ጎረቤቴ ፀሐይ።
ልጆቹ አዳማ ይላሉ፤ እኔን ናዝሬት ማለት አልተወኝም፤
ንፋሷ ግን በየትኛውም ስም አቧራውን አይነፍገኝም።

ከግድግዳዬ ማዶ መስታወት ይቆረጣል፤
ጭረቱ ብሎኬት አልፎ ጥርሴ ሥር ይሰማል።
ተሸካሚው ቱፋ ነው፤ ሁለት ሜትር መስታወት በጀርባው አዝሎ
ሰማይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ደመናውን አንጠልጥሎ።

የዚያን ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣
ንፋሱ ሰማዩን ገፋ፤ ሰማዩ ጭኑን በላ።

ደም እንዲህ ይፈጥናል? ምንጭ እንጂ ጭረት አይመስልም፤
ልብ በመታ ቁጥር ይወረወራል፣ ጠብ ጠብ አይልም።
ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ምክር ይበዛል፤
አንዱ «ቡና ነስንሱ!» አንዱ «የሸረሪት ድር ይይዛል!»
አንዷ «ውኃ አጠጡት» ትላለች፤ አንዱ በስልኩ ይቀርፃል።

እኔን የሲስተር ረሂማ ድምፅ ጠራኝ፤
አምና፣ ለውሎ አበሉ ሄጄ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ እንቅልፍ እየወሰደኝ
የሰማሁት፦

«ደም ምክር አይሰማም፤ እጅ ነው የሚሰማው።
ጨርቅ ይዘሽ ክብደትሽን ጣይበት፤ አትዳብሽው።
አየሁ አላየሁ ብለሽ አንሥተሽ አትግለጪው፤
ከራሰ ሌላ ደርቢ፤ የፊተኛውን አትንቀዪው።»

ጨርቅ! ከጨርቅ መሐል ተቀምጬ ጨርቅ ጠፋኝ፤
እጄ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅ የቆረጥኩትን የሠርግ ነጭ ሰጠኝ።
ተንበርክኬ፣ በሁለት መዳፌ፣ በትከሻዬ፣ በጉልበቴ፣
ተጫንኩት፤ ሰው ላይ እንዲህ ከብጄ አላውቅም በሕይወቴ።
ነጩ ቀላ። ደረብኩ። የደረብኩትም ቀላ፤
ደሙ በጣቶቼ መሐል መንገድ አበጀ ሌላ።
ቱፋ «ለእናቴ እንዳትነግሩ» አለና ከንፈሩ አመድ መሰለ፤
«ቁጠርልኝ» አልኩት፤ እስከ አሥራ ሦስት ሄዶ አንዱን ዘለለ።

«ካልቆመ» ብላለች፣ «ከቁስሉ አራት ጣት ከፍ በይ፤
ሰፊ ጥብጣብ እንጂ ገመድ አይሁን፤ እንዳታስሪ መገጣጠሚያ ላይ።»
የመቀነቱን ጨርቅ ቀደድኩ። በእርሳስ ብጠመዝዘው ተሰበረ፤
ከምግብ ቤቱ ማማሰያ መጣ፤ ሽሮ እንደነካው ነበረ።
አንድ ዙር። ቱፋ ጮኸ። ሁለት ዙር። ስሜን በክፉ አነሣው።
በሦስተኛው ደሙ፣ እንደተዘጋ ቧንቧ፣ ተንጠባጥቦ መንገዱን ረሣው።

«ይበቃል፣ ፍቺለት፣ እግሩ ይሞታል!» አሉ አንድ ሽማግሌው፤
«ሐኪም ይፍታው፣ አባቴ፤ እኔ ያሰርኩትን እኔ አልፈታው።»

ሰዓት አየሁ። ጠመኔዬን ከኪሴ መዘዝኩ፤
ወገብና ደረት በማሰምርበት፣ ግንባሩ ላይ ጻፍኩ፦
ሰባት ከሃያ።

ሙክታር ጥሩምባውን ሳይለቅ ባጃጁን ከሆስፒታሉ በር አደረሰ፤
እኔ ከኋላ፣ እግሩ ጭኔ ላይ፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ የራሰ።
ሐኪሙ፣ ፂሙ ገና የሚያስብ ልጅ፣ ግንባሩን አነበበ፤
«ማን ጻፈው?» «ሰፊዋ።» ቀና ብሎ አላየኝም፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሦስት ቀን ተቆጡ፤ በአራተኛው ግማሹን ማሩኝ፤
የቀረውን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ሁለት ወር ቀረኝ።
ቱፋ ያነክሳል። መስታወት ትቶ ሂሳብ ይይዛል፤
በደጄ ሲያልፍ ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣
«ስንት ሰዓት ነው?» ይለኛል።

ማታ ማታ ግን፣ ንፋሱ ቆርቆሮዬን ሲያነሣው፣
ትራሴን በሁለት እጄ ተጭኜ እነቃለሁ፤
አየሁ አላየሁ ብዬ አላነሣው።