የተጠቃሚ ብዛት

ቅዳሜ ገበያ፣ ከብረታ ብረቱ ተራ፣
ኩሽኔታና ቺንጋው በስሙ ሲጠራ፣
ከቋራ፣ ከአለፋ፣ ወፍጮው የቆመበት
ወደኛ ይመጣል፣ ብረት ተሸክሞ፣ ዱቄት ያረፈበት።
ሦስት ሰው ነን፤ አንድ ኮምፒውተር፤ አንድ የምታስል ማተሚያ፤
እኔ ሒሳብ ያዡ፣ ከአዘዞ የምመጣ፣ በጠዋቱ የሚኒባስ ግፊያ።

ነገሩ የመጣው ሰኔ ሲገባ ነው።
ያ በሁለት መቶ ብር፣ ከፒያሳ በፍላሽ ያስጫንነው፣
ቁልፉ የተሰበረ፣ ባለቤት የሌለው፣
የዓመቱን ደረሰኝ በአንድ ሌሊት በልቶ፣
ጠዋት ጠበቀን፣ ሾርትከት ብቻ ትቶ።
ብንነካው ባዶ፤ ደግመን ብንነካው
የለም ነው መልሱ፤ የለም ትርፍ፣ የለም ኪሳራው።

እትዬ ያለምዘውድ መነጽራቸውን አወለቁ፦
«የተሰረቀ ብረት ሱቄ ገብቶ አያውቅም፤ ይሄም ብረት ነው፣ እወቁ።
ሕጋዊውን ፈልግ።»

ፈለግሁ።

አንደኛው በወር ነው፤ በነፍስ ወከፍ፣ በዶላር፤
ከፍለህ ጻፍ፣ ከፍለህ ደምር፣ ካልከፈልክ እጅህን አጣጥፈህ እደር።
ወሩ ካለቀብህ የገዛ ሠንጠረዥህ
በመስታወት ያይሃል፣ እንዳትነካው ከልክሎህ።
ሁለተኛው ነጻ ነው፤ ግን ኔትወርክ ይወዳል፤
ኔትወርክ ደግሞ መብራት ይወዳል፤
መብራት ማንን እንደሚወድ ማን ያውቃል?
ሦስተኛው እንዲሁ ነው፣ ለሁሉ የተሰጠ፣
ቁልፍ የለው፣ ቀጠሮ የለው፣ ዶላር ያልቀላወጠ፤
ግን የባንክ ቅጽ ስትከፍትበት መስመሩ ይንጋደዳል፣
«ጠቅላላ ድምር» የሚለው ወደ ኅዳጉ ይሰደዳል።

ባንክ ሄድኩ ለዶላሩ። ልጅቷ ቀና ብላ፦
«ዕቃው ምንድን ነው?» «መጻፊያ።»
«ጉምሩክ መቼ ይደርሳል?» «አይደርስም፤ አየር ላይ ነው።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ተራዬን ለቀቅሁ፣ ሌላ ምን ላድርገው?

ማንደፍሮ ሰማና፣ የመጋዘኑ ሰው፣
ደብተሩን በብብቱ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ የሰካው፦
«ለመጻፍ ኪራይ? ያን ግንብ የሠራው
ወር በገባ ቁጥር ይከፍል ነበር ወይ ለኖራው?»
«ግንብም» አልኩት «ጠጋኝ ካጣ ይናዳል።»
«መናዱንስ ይናዳል፤
ግን ድንጋዩን ማን ይቆልፍብሃል?»

ማታ መብራት መጣ። የአንደኛውን ቅጽ ከፈትኩ፤
«የተጠቃሚ ብዛት» ይላል፤ ጣቴን ሰቅዬ አሰብኩ።
እኔ አንድ። እትዬ ሁለት፤ ድምሩን ብቻ ነው የሚያዩት።
አቤነዘር ልጃቸው፣ ማራኪ ግቢ የሚማረው፣
ሱቅ ሲዘጋ ተደብቆ አሳይመንቱን የሚሠራበት፣
እናቱም እንዳላወቁ ሆነው ቁልፉን የሚረሱለት።
ማንደፍሮስ? ማውዝ ነክቶ አያውቅም፤
እሱ በእርሳስ ካልጻፈው ግን እኔ የምጽፈው የለኝም።
ቅጹ ደግሞ ግማሽ ሰው አይቀበልም።
ሳልሞላው ተውኩት።

የጠፋውን ዓመት ከደብተሩ ስገለብጥ፣
ከሰኔ ወደ ኋላ አንድ በአንድ ስገልጥ፣
አየሁት፦ የማንደፍሮ ሰባት አንድ ትመስላለች፤
ጥር ላይ ባርኔጣ ነበራት፤ ግንቦት ላይ ጥላለች።
አሥራ ሰባት ቺንጋ አሥራ አንድ ሆኖ፣
ስድስቱ በየወሩ ከመደርደሪያው በንኖ፣
እኛ ሌባ ፍለጋ፣ ቫይረስ ፍለጋ።

«ና እስቲ» አልኩት። እትዬ መነጽራቸውን ሰጡት።
አጠለቀና ደብተሩን አየ። ዝም አለ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።
«ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

የአንደኛው የስድስት ወር ሒሳብ ሆስፒታል ሄደ፣ ለዓይኑ፤
እኛ ከሦስተኛው ጋር ቀረን፣ ከነመንጋደዱ፣ ከነምኑ።
ባንክ ስንልክ ያቺው ልጅ «ድምሩ የት ገባ?» ትላለች፣
ኅዳጉን በጣቴ አሳያታለሁ፤ አግኝታው ትስቃለች።
ማንደፍሮ ግን አሁን
ሰባት በጻፈ ቁጥር ባርኔጣዋን ደግሞ ያደምቃል፤
አንዳንዴ ወረቀቱ ይቀደዳል።