ቀበቶህን ፍታ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሰኞ።
ነፋሱ ከካናዳ ሜዳ በረዶ እያፈሰ፣
የመኪናዬን በር ስከፍት እየገፋ መለሰ።
ማይኖት አየር ማረፊያ፣ ሁለት በር፣ አንድ መደብ፤
አርዲስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ፀጉሯን ስትሰበስብ።
"እንደወትሮህ ነው ቨርሊን?"
"እንደወትሮዬ።"
ሣጥኑን ከፍቼ አሳያታለሁ፤ ባዶ ነው የብረቱ ሆዱ፣
ካዝናው ለብቻው፣ ጥይቱ በካርቶኑ፣ እንደ ሕጉ እንደ ልማዱ።
ብርቱካናማ ወረቀት ትሰጠኛለች፤ እፈርማለሁ፤
ሁለቱን ቁልፍ ቆልፌ መክፈቻውን አንገቴ ላይ አስራለሁ።

የእህል ማድረቂያ ጠጋኝ ነኝ፤ ሞተር ሲቆም እጠራለሁ፤
ከካንሳስ እስከ ኦክላሆማ ሳምንት በሳምንት እበራለሁ።
ይህን ብረት ስታጠቅ ለፉከራ አልነበረም፤
በአዲስ ዓመት ሌሊት እንኳ ወደ ሰማይ ተኩሼ አላውቅም።
አንድ ክረምት፣ መንገድ ዳር፣ ነዳጅ ስቀዳ በጨለማ፣
ሁለት ሰዎች ከበቡኝ፤ ጩኸቴን አንድም ሰው ሳይሰማ።
ሸሪፉ አርባ ደቂቃ ይርቃል።
ሦስት ጥርሴ በአንድ ደቂቃ ረገፈ።

ከዚያ ወዲያ ተማርሁ። መምህሬ ቲልዳ ብሬከ፣
ሠላሳ ዓመት በድንገተኛ ክፍል የሰው ደም ያጠበች ነርስ።
"መጀመሪያ ሽሽ" አለችኝ፤ "ካልተቻለህ ተናገር፤
መናገርም ካልተቻለ..." ብላ አልጨረሰችም ነገር።
"ቃል እንኳ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጥይት ግን አፋፍም የለው፤
የት እንዳረፈ ሳታውቅ ዕድሜህን ሙሉ የምትከተለው።"

ፍተሻው ጋ ወጣቱ ዘብ "ቀበቶህን ፍታ" ይለኛል፤
እፈታለሁ። ሱሪዬ ይሰፋኛል፤ ጎኔ ይበርደኛል።
ሌላው መንገደኛ ቀበቶ ብቻ ነው የሚፈታው፤
እኔ ግን
ትጥቅ ነው የምፈታው።

አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር።
መቶ ሰው፣ ክርን ለክርን፣ ባዶ እጁን ሲያዛጋ፣
አንዲት የማላውቃት ሴት ትከሻዬ ላይ ተኝታ እስኪነጋ።
የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለማንም አልነገርሁም፦
እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል።
ቤቴ፣ ብረቱ ከራስጌዬ ሳለ፣ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ያን ሰኞ ታዲያ ዴንቨር ላይ ሣጥኔ ቀረ፤
እኔ ኦክላሆማ ገባሁ፤ እሱ ወዴት እንደ በረረ
የሚያውቅ ጠፋ።

ኢኒድ፣ ርካሽ ሞቴል፣ ክፍል ዘጠኝ፤ በሩን በወንበር ደገፍሁ፤
እጄ ወደ ጎኔ እየሄደ ባዶ ጨርቅ ዳሰስሁ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሩ ተናወጠ፤
አንድ ሰው እጀታውን ያዘና እየሳበ ረገጠ።
"ክፈቺ ማርሊስ!" ይላል፤ "ክፈቺ፣ ብርድ ገደለኝ!"
ጉልበቴ ከዳኝ፤ የቲልዳ ቃል ትዝ አለኝ።
መሸሻ የለም፤ መስኮቱ በቀለም ተጣብቋል። ቀረኝ መናገር።
"ወንድሜ፣ ዘጠኝ ነው ይሄ! የአንተስ ስንት ነው ቁጥር?"

ዝም አለ። ቁልፉን ወደ መብራት ያነሣው ይመስለኛል።
"ስድስት ነው" አለ። "ገልብጬ ነው የያዝሁት።"
"ይቅርታ ጌታዬ" ብሎ፣ እየተንሰቀሰቀ ሲርቅ ሰማሁት።

ረቡዕ ሣጥኑ መጣ፤ ቁልፉን ማንም አልነካው።
ከፈትሁ፤ ባዶውን እንደገና በጣቴ ፈተሽሁ፤
ጥይቶቹን አንድ በአንድ አልጋው ላይ ቆጠርሁ።
አሥራ አምስት። አንድም አልጎደለ።
አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ቆየሁ።

አልጣልሁትም።
ሐሙስ ጠዋት ታጥቄ ወደ ሥራዬ ወጣሁ፤
አርባ ደቂቃው ዛሬም አርባ ደቂቃ ነው፤ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።
ግን አርዲስ በሚቀጥለው ሰኞ "እንደወትሮህ?" ስትለኝ፣
ቶሎ መልስ አልመጣልኝ።
የቲኬቱን ቁጥር አየሁ፤
ገልብጬም አነበብሁ።