ጎማም እንነፋለን

ይህ ቤት በፊት ጎሚስታ ነበረ፤
ዛሬም ብርዱ ሲጠና፣ ማሞቂያው ሲግል
የጎማ ሽታ ከግድግዳው ይነሣል፤
ከዓሣው ጭስ ጋራ ተጎራብቶ ኖረ።

የገዛችው አክስቴ ዴልፊን ናት፣
በሐይቁ ዳር ሆቴል፣ አሥራ አንድ ዓመት
የሰው አልጋ አንጥፋ ባጠራቀመችው።
ባንኩ «ምን ልትሸጪበት?» ቢላት
«ሥዕል» አለችው።
«ሥዕል ይበላል ወይ?» ብሎ ሳቀ ሰውዬው፤
ኮቷን ለብሳ ወጣች፣ ሳትመልስለት።

በማኒቱሊን ደሴት ጃርት ዛፍ ላይ ይወጣል።
መኪና የገጨውን መንገድ ዳር ስናገኝ
ሌላው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤
እኛ ጓንት አጥልቀን እሾሁን እንለቅማለን፣
ቀይና ቢጫ ቀለም እንነክረዋለን፣
በበርች ቅርፊት ሙዳይ ላይ አበባ እናደርገዋለን።

የመጀመሪያው ክረምት ሦስት ሙዳይ ደረደረች፣
አራት ሥዕል ሰቀለች፣
ተቀመጠች።
ሐይቁ እንደ ሞራ ረጋ፣ መኪና ሄደበት፤ ወደ እኛ የመጣ ግን የለም።

በየካቲት አንድ ማታ በሩ ተንኳኳ፤
ጢሙ ላይ በረዶ ያንጠለጠለ ሰው፦
«ጎማ ትለጥፋላችሁ?»
«ቀርቷል» ልትል ስትል እጁ ሲንቀጠቀጥ አየችው፤
ለራቷ ከጣደችው ከነጭ ዓሣና ከሐይቅ ሩዝ ሾርባ ቀዳችለት።
ወንበር አልነበረም፤ ቆሞ ጠጣ፤
ቆሞ ሲጠጣ ግድግዳውን አየ፣
ግድግዳውን ሲያይ ሾርባው ቀዘቀዘ፤
በሆዱ የመጣ በዓይኑ ተያዘ።
ምንም አልገዛ፤ በማግስቱ ግን ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ።

እንዲህ ነው ያደገው። የጋራዡ በር ተነቅሎ ገበታ፣
የመኪናው ጉድጓድ የድንች ጎታ፣
የኔልሰን መረብ ቀለብ ሆነ።
በአራተኛው ዓመት ግድግዳው ፈርሶ ወደ ጫካው ገፋ፤
በአምስተኛው ማቀዝቀዣው ተቃጥሎ የክረምቱ ዓሣ ጠፋ፣
ለቁራ ሲሳይ ሆነ።
ያን ሌሊት ጉድጓዱ ወርዳ፣ ድንቹ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ሰማኋት፤
ሳሕን አጣቢ ነበርሁ፤
ቧንቧውን አስጩኼ ያልሰማሁ መሰልሁ።

እናቷ ፊሎሜን አንድ ሙዳይ
ለነጋዴ በአንድ ከረጢት ዱቄት ትሰጥ ነበር።
ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ከተማ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ ከመስተዋት ጀርባ
አክስቴ ሙዳዩን አወቀችው፦
ክዳኑ ላይ አንዲት እሾህ ወደ ግራ ያዘመመች፣
የፊሎሜን ዓይን ከደከመ ወዲህ እጇ የሚስታት ያች።
ከሥሩ ወረቀት፦ «ሠሪው ያልታወቀ»።
«እኔ አውቃታለሁ» አለች ለዘበኛው።
«መስተዋቱን አይንኩ፣ እመቤት» አላት።

ስለዚህ እኛ ቤት ስም ይቀድማል፣ ዋጋ ይከተላል።
ከሙዳዩ ሥር፦ «ቴሬዛ ወሚግዋንስ፤ ሁለት ክረምት ፈጀባት»።
በምግቡም ዝርዝር፦ «ዓሣውን ያጠመደ ኔልሰን፣
ሩዙን ታንኳ ላይ ያራገፉት እነ ኦዲል፣
ሳሕኑን ያጠበ...» ብላ የኔን ስም ስትጽፍ አፍሬ ነበር፤
ዛሬ ከቀረ እቆጣለሁ።

በበጋ መርከቡ ሲደርስ ሰልፉ ነዳጅ ማደያው ጋ ይደርሳል።
ከቶሮንቶ ሁለት ሰዎች መጡ፣ ጫማቸው የሚያበራ፤
«ሦስት ቅርንጫፍ እንክፈት» አሏት፣ ወረቀት ዘርግተው።
«ቅርንጫፍ የሚወደው ጃርት ነው፤
እኔን ሥሩ ይሻለኛል» ብላ ወረቀቱ ላይ ዳቦ አቀረበች።
(ልጇ ራስል ግን ተከፍቶ ሄደ። እስካሁን አልደወለም።
ማን ልክ እንደነበር እኔ አላውቅም።)

የባንኩ ሰውዬም መጣ፣ ጡረታ ወጥቶ፣
ሁለት ሳሕን ጨርሶ፣ ሦስተኛ አስመጥቶ፣
ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ሲቀር
ሒሳቡን አስቀመጠችለትና
«እንዴት ነው፣ ተበላ?» አለችው።

ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከሻዩ በታች፣ በእጅ ጽሕፈት አንድ መስመር አለ፦
«ጎማም እንነፋለን።»
እንግዳው ቀልድ መስሎት ይስቃል።
የድሮው ኮምፕረሰር ከማድቤቱ ጀርባ እያጓራ ይሠራል፤
የካቲት ገብቶ፣ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ፣
አክስቴ ካፖርቷን ደርባ ወጥታ ትነፋለች፤
እኔ ሾርባ እቀዳለሁ።