የአፍንጫዬ ጾም

ሜዳው ቢጫ ሲለብስ፣ ሲጠባ መስከረም፣
ለጎረቤት ሁሉ ደስታ ነው፣ ለእኔ ግን አይደለም፤
ደርዘን መሐረብ ልገዛ ከሱቁ በር ስቆም፣
አስናቀ ሳልነግረው ከመደርደሪያው ያወርደዋል፤
«ዘንድሮም ጀመረህ?» ይለኝና ይስቃል።

ጀመረኝ።
ዓይኔ በርበሬ የነካው ይመስላል፤
ላንቃዬን ይበላኛል፣ ጆሮዬ ይደፈናል፤
ከቅንድቤ በላይ፣ ካጥንቱ ሥር ገብቶ፣
አንድ ሰው ይወቅጣል ሌሊቱን ተግቶ።
የደብረ ብርሃን ነፋስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤
የሰርዶውን ብናኝ ከጠባሴ ማዶ ሰብስቦ
ያመጣልኛል፤ አድራሻዬን አይስትም።

የችሎት ጸሐፊ ነኝ፤ እንጀራዬ ዝምታ፣
የሰው ቃል መልቀም ነው ከጧት እስከ ማታ።
አምና ዳኛ ደምሰው ፍርድ ሊያነቡ፣ ሁላችን ቆመን፣
«በዚህም መሠረት…» ሲሉ
አነጠስኩ።
መነጽራቸውን አስተካክለው «በዚህም መሠረት…»
ደገምኩ።
ሦስተኛው ላይ ከሳሽ «ይማርህ» አለኝ፤
ተከሳሽም «ይማርህ»፤
ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ድንበር ድንጋይ ያልተስማሙ ሰዎች
በእኔ አፍንጫ ተስማሙ።

ሐኪሟ «አለርጂ ነው» አለች፣ «ሳይነስህም ቆጥቷል»፤
የሰጠችኝ ኪኒን አፍንጫን ያደርቃል፣ ዓይንን ግን ይከድናል፤
እያንቀላፋሁ ከሳሹን ተከሳሽ ብዬ ጻፍኩት፤
ዳኛው አዩኝ፤ ኪኒኑን ተውኩት።

ሩቂያ ናት፣ ከሸዋ ሮቢት በንጋት መኪና
ጣርማበርን ከነጉሙ የምታልፍ ሽንኩርቷን ጭና፤
ኪሎ እየመዘነች ድምፄን ብትሰማው፣
«ወተትና ቅቤውን ለጊዜው ብትተው ምን አለ?
እናንተ በአበባ ወር የምትጾሙት ጾም የለ?»
«ጽጌ ነው፤ እሱ ግን ግዴታ አይደለም፤ የፈቃድ ነው» አልኳት።
«ታዲያ ፍቀድ!»
ብላ ሚዛኑ ላይ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት መረቀችኝ።

ፈቀድኩ።
ከሽሮዬ ላይ ቅቤ ጠፋ፣ ከማለዳዬ ላይ ወተት፤
ፌጦ በሎሚ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ምሳ ላይ ሱፍ ፍትፍት፤
ዝንጅብሉን ከነልጣጩ ቀቅዬ ጠጣሁት፤
ስናፍጩን በቂጣ ጫፍ ነካ አድርጌ ብቀምሰው፣
አፍንጫዬ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነው የሆነው፦
ጮኸ፣ ተንቋቋ፣ ተከፈተ።
ባለቤቴ ይፍቱሥራ ድስቱን እያማሰለች፣
«ሰው ለነፍሱ ይጾማል፣ አንተ ለንፍጥህ» አለች።

ቃሏ ከነከነኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቀረት ብዬ
ለነፍስ አባቴ ነገርኩ፣ መሐረቤን በእጄ ጠቅልዬ፦
«አባ፣ ጾሙን የያዝኩት ለእመቤታችን ብዬ አይደለም፤
ለአፍንጫዬ ነው።»
መምሬ ወልደ ሰንበት ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ረዘመ፤
ተግሣጽ ጠበቅሁ፤ ልቤ ቆመ።
ቀስ ብለው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡና፣
ሌሊቱን በማኅሌት በጎረነነ ድምፅ
«ፌጦውን ከማን ነው የገዛኸው?» አሉኝ።

ድኛለሁ አልልም፤ ውሸታም አያርገኝ።
ነፋስ ሲነሣ አሁንም ይሞክረኛል፤
ግን ያ ወቃጭ ሰውዬ ሌሊት ሌሊት ያርፋል።
ስንቱ የፌጦው ነው፣ ስንቱ ሣሩን ያደረቀው የጥቅምት ውርጭ፣ አላውቅም፤
ይህን የሚመረምር ችሎት የለም።

ትናንት ባለ ድንበሮቹ በሌላ ክስ መጡ፤
አላነጠስኩም፤ ማንም «ይማርህ» አላለም፤
እየተገላመጡ ገቡ፣ እየተገላመጡ ወጡ።

ከሥራ ስወጣ በበሬሳ ድልድይ በኩል ሄድኩ፤
ከወንዙ ዳር ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ አብቧል፤
ቆምኩ።
ይህ ሽታ በዓለም ላይ እንዳለ ከረሳሁ ስንት ዓመቴ ነው?
ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ግንባሬ ድረስ ሳብኩት፣
እንደ ሌባ።
አነጠስኩ፤
አንዴ ብቻ።
በድልድዩ አህያ የሚነዳ ሰው ዞር እንኳ ሳይል «ይማርህ» አለኝ።
«ያኑርህ» አልኩት።