ለሣር የሚሆን መብራት

አራት ስንዝር መስተዋት፣ በሲሊኮን የተጋጠመ፣
ሆጤ በተከራየነው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር የቆመ።
ከሐይቅ ዳር የነቀልኩትን፣ በሃይላንድ ያመጣሁትን ሣር
ተከልኩበት፣ ከቦርከና ታጥቦ በመጣ ጠጠር።

"ዓሣው የታል?" ይላል የገባ ሁሉ።
ዓሣ የለም፤ ሣር ነው። ይስቃሉ።

መስኮቱ ወደ ጦሳ ያያል፤ ጦሳ ግን ወደ እኛ አያይም፤
ጉሙን ተከናንቦ ያረፍዳል፣ እስከ ስድስት ሰዓት አይነሣም።
ፀሐይ በአዝዋ ገደል ወጥታ፣ የሰው ቆርቆሮ ላይ ውላ፣
ለእኔ ሣር የምትደርሰው ወደ ማታ ነው፤ ደክማ፣ ዝላ።

ስለዚህ መብራት።

መጀመሪያ የቤቱን አምፖል፣ ያን ቢጫውን አወረድኩት፤
በሽቦ አንጠልጥዬ ከውሃው አጠገብ አደረስኩት።
ክዳኑን አሞቀው እንጂ ሣሩን አላጎረሰው፤
በሳምንቱ ቅጠሉን የወፍ በሽታ ጨረሰው።

አራዳ ሄድኩ፣ ሙሄ ዘንድ፤ ሽቦና ማብሪያ የሚሸጥ፣
ብር ሲቆጥር የሚያፏጭ፣ ዋጋ ሲጠየቅ የሚያምጥ።
"ለምንህ ነው?" "ለሣር።" "ለግቢ?" "ለውሃ ውስጥ።"
ዝም አለ። ከላይኛው መደርደሪያ አቧራውን ጠራርጎ
የመጋዘን ፓውዛ አወረደልኝ፣
"ይሄ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል" ብሎ።

አደረገውም። የጎረቤት አውራ ዶሮ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ጮኸ።
በአሥረኛው ቀን ውሃው የጎመን ወጥ መሰለ፤
ዋቅላሚ! መስተዋቱን፣ ጠጠሩን፣ ቅጠሉን እያለበሰ፣
ሳይጠራ እንደመጣ ሠርገኛ፣ ቀድሞ ማዕዱን ጨረሰ።

ብርሃን ሲያንስ ረሃብ፣ ብርሃን ሲበዛ ቁንጣን፤
ማን ይነግረኛል መጠን?

ዘምዘም ከማሽኗ ቀና አለች። ስድስት ዓመት በዚያች ጥግ
የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ እጅጌ፣ የሰው ቀዳዳ ስትሰፋ፣
ብርሃኑ ይበቃታል ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።
"መብራት እንዲህ አይገዛም" አለች፣ "በካርቶኑ አይታይም፤
ክር ይዘህ ሂድ፤ ክር አይዋሽም።"

በማግስቱ እሷው ወጣች፤ ከመሐረቧ ሦስት ክር ፈታች፤
ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ደም የመሰለ ቀይ።
ሙሄ አንድ በአንድ ሲሰካ፣ ከሥሩ ዘርግታ ታያለች።
"ይሄ ጥቁሩንና ሰማያዊውን አጋባቸው፤ ይለፈኝ።
ይሄ ቀዩን ገደለው፤ የሬሳ ቤት መብራት ነው፤ አንሣልኝ።
ባለፈው በእንዲህ ያለው ነው የሰው ኮት በቡናማ ክር ሰፍቼ፣
ጠዋት በራፍ ላይ ያዋረደኝ።"

በመጨረሻ አንድ ቀጭን ኤልኢዲ፣ ክንድ የሚያህል፣
ነጭ፣ ግን የማይበርድ ነጭ፤
ጉሙ የተነሣ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጦሳ ላይ እንደሚታየው።
ሦስቱም ክር ሦስት ሆኑ።
"ይሄ ነው። ስንት?"
ሙሄ አማጠ።

ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ፣ ከመርፌው አንድ ክንድ ራቅ
አድርገን ሰቀልነው፤ ለሁለቱም እንዲበቃ፣ አንዱንም እንዳያስጨንቅ።
ማሽኗን ወደ መስተዋቱ ጎተተች፤ ሰዓቱንም እሷ ቆረጠች፤
ከዘጠኝ እስከ ሦስት። "ከዚያ ወዲያ ሣሩም ይተኛ፣ እኔም" አለች።

ደግሞም ይጠፋል። ደሴ ነው፤ ይጠፋል።
መጀመሪያ ሰሞን ሻማ ይዤ ሣሩን እንደ በሽተኛ እጠብቅ ነበር።
አሁን ገብቶኛል፤ የአንድ ማታ ጨለማ ሣሩን አይጎዳም፤
የሚከሳው ዋቅላሚው ነው። ጾም ለሁሉም እኩል አይከብድም።

ትናንት ሲመጣ፣ ከሰፈሩ "እሰይ!" በኋላ፣ ጥቂት ቆይቶ፣
ከአንዲት ቅጠል ጫፍ የመርፌ ራስ የምታህል አረፋ
ተላቅቃ ሽቅብ ወጣች።
ሌላ ተከተለቻት። ከዚያ ሌላ።
ዘምዘም ክሩን እንዳሾለከች፣ ፔዳሉን ሳትረግጥ ቆየች።

የአከራያችን ልጅ ረምላ በሩን ገፋ አድርጋ፣
"ዓሣው የታል?"
"ሣር ነው" አልኳት።
ቀረብ ብላ አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጠፈች።
"ቀንድ አውጣ አለ።"
አላየሁትም ነበር። ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ከሐይቅ የመጣ፣
የምስር ፍሬ የሚያክል፣
ብርሃኑን ጀርባ ሰጥቶ ወደ ጨለማው ጥግ እየሄደ ነበር።