ያለፈው ጊዜ ለከርሞ

በሐምሌ መጀመሪያ፣ ታቦር ጉም ደርቦ፣
ሰማዩ ለሐይቁ አንድ ክንድ ቀርቦ፣
ሶልቬግ የምትባል ልጅ መጣች ከኖርዌይ፤
ጃንጥላ አልያዘችም፤ «ይኼ ዝናብ ነው ወይ?»

«በነፃ እንግሊዝኛ፣ ለአራት ሳምንት ማታ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ የወንጌል ጨዋታ»
ይላል አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈው።
እውነቱን ልናገር፤ የገባሁት ሸሽቼ፣
ውሃ የጠጣች ባጃጄን ደጅ ትቼ።

አግዳሚው ላይ ነበርን አሥራ ሁለት ሰዎች፦
የባንክ ጥበቃ፣ ሁለት ፀጉር ሠሪዎች፣
ጡረተኛው ላላሞ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፤
ከሁሉም ከኋላ፣ መስኮት ተከፍቶለት፣
ዳንጊሶ ዓሣ አስጋሪው፣
እጅጌው ላይ ቅርፊት እንደ ሳንቲም የሚያበራ።

በሦስተኛው ቀን ግድም ላላሞ ጠየቃት፦
«የእናትሽ ቋንቋ ነው?» ሳቀች፤ ፊቷ ቀላት።
«አይደለም፤ እኔም ከትምህርት ቤት የተዋስኩት ነው።»
ዳንጊሶ አማርኛን ያገኘው ከገበያ፣
እኔ ደግሞ ከጋራዥ፣ ከረዳቶች ስድብ፤
እናቶቻችንማ የሚቆጡን በሲዳምኛ ነው።
እና በዚያች አዳራሽ፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣
ሁላችንም በሰው ልብስ ነበር ሠርግ ቤት የገባን፤
የአንዱ እጅጌው ረዝሞ፣ የአንዱ ቁልፉ ረግፎ።

አንድ ቅዳሜ ወንጌሉን ቀስ ብላ አነበበች፦
ሌሊቱን ሙሉ ደክመው
አንዲት ዓሣ ሳይዙ ስለነጋባቸው።
ዳንጊሶ እጁን አወጣ። በጥያቄ አይታማም፤
ያን ቀን ግን እንግሊዝኛው ራሱን ቀድሞት ወጣ፦
«መረብ... ስንት ጣት?»
አልገባትም። ጣቱን በጣቱ ለክቶ አሳያት፤
የመረቡ ዓይን ሦስት ጣት ነው ወይስ አራት፣
ቆሮሶው ትንሽ ከሆነ እኮ ሾልኮ ነው የሚያልፈው።
ፈለገች፣ ገለጠች፣ አጣች።
«መጽሐፉ አይልም» አለች።
«ጴጥሮስ ያውቃል» አለ ዳንጊሶ በአማርኛ።
ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ማንም ሳይተረጉምላት።

አራቱ ሳምንት አለቀ። ሰሌዳው ላይ የቀረው
«ነኝ» እና «ነሽ» ነው፣ «ነው» እና «ናቸው»።
የምንሄደው ዛሬ፣ የምንበላው ዛሬ፣
የሚያመንም ዛሬ፣ ዕዳችንም ዛሬ።
«ያለፈውን ጊዜ» አለች ቦርሳዋን አንግታ፣
«ለከርሞ እናቆየው፤ እሱ ትንሽ ይከብዳል።»

በሚያዝያ ከአላሙራ በኩል ነፋስ ተነሣ።
ጀልባዋ ብቻዋን መጣች፣ በሆዷ ተደፍታ።
አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ
እንደ ወትሯቸው ተሰልፈው ጠበቁት፣
አንጀት የሚወረውርላቸውን ሰው።

ሐምሌ ዞረ። ሶልቬግ አዲስ ጠመኔ ይዛ፣
በትንሽ ከረጢት መልስም ይዛ መጣች፦
የባሕር ሰው ናቸው አያቷ፤ ጠይቃቸው
በእጃቸው የቋጠሩት ቁራጭ መረብ፣
ዓይኑ ሦስት ጣት ከግማሽ።

«ዳንጊሶ የት ነው?» አለች።
ቆርቆሮው እንኳ ያን ማታ ዝናብ አልነበረበትም።
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ ባጃጅ ነጂ አፍ አያጣም ብሎ።
ያለኝን ቃል ሁሉ ከኪሴ አራግፌ
እንደ ማታ ገቢ ቆጠርኩ፤ ጎደለ።
«ዳንጊሶ ዓሣ አስጋሪ ነው» አልኳት።
«ጀልባው እዚህ ነው።
ዳንጊሶ ሐይቁ ውስጥ ነው።»

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ሰዋስዉ ልክ ነበራ።
ከዚያ ፊታችንን አነበበች።

ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ ጠመኔው ሁለቴ ተሰብሮባት፣
አንዲት አጭር ቃል ጻፈች፦ «ነበር»።
በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አለች፤ ማንም ትርጉሙን አልጠየቀ።
ላላሞ በሲዳምኛ መለሰላት፤ እሷም አልጠየቀችውም።
ደብተራችን ተገልጧል፣ እስኪርቢቶው ተከፍቷል፣
ያቺን ቃል ግን ያን ማታ ማንም አልገለበጣት።

መረቡን ከኋላ፣ መስኮቱ ላይ ሰቀልነው።
እስከ ዛሬ አለ።
ትንኝ አያግድም፤
ዓይኑ ሦስት ጣት ከግማሽ ነው።