ትንሽ

ዐሥራ ስድስት ዓመት ክሉዥ ላይ ያከመ እጄን
ዳግም ለፈተና ይዤ፣ ትቼ ቤትና ደጄን፣
ሌሊት ሌሊት ከመዝገበ ቃላት ጋር እየተግባባሁ፣
ከሰሜን ኖርዌይ ጫፍ አንዲት ደሴት ገባሁ።

ሽማግሌው ሐኪም፣ ሲቬርት፣ ቁልፉን ሲያስረክበኝ
ስምንት መቶ ሰባ ነፍስ በመዝገብ ደረበኝ።
«ይሄኛው ስኳር አለው። ያቺ ካልጠየቅሽ አትነግርሽም።
ኦድቫር ደግሞ...» አለና ተወው። አልጨረሰውም።

ኅዳር ሲጋመስ ፀሐይ ሄደች፤ ለሁለት ወር ሄደች።
ኦድቫር መጣ። እጅጌው ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቋል።
ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ስለ አየሩ አወራ፣
ስለ ጀልባው ሞተር፣ ስለ መረቡ ኪሳራ፣
ተነሣም፣ የበሩን እጀታ እንደ ያዘ፣
«እዚህ ጋ» አለ፣ ደረቱን በአውራ ጣቱ ነክቶ፣
«ትንሽ ይለኛል።»

ትንሽ። ጻፍኩት።
በእኛ አገር ጥርስ የነካው «ሞትኩ!» ይላል፣ ሰፈር ይሰማል፤
እናቴ ጉንፋን ሲይዛት ቄስ ጥሩ ትላለች፣
ማግስቱን ገበያ ቲማቲም ስትከራከር ትውላለች።
እኔ ከጩኸት ላይ መቀነስ ነው የተማርኩት፤
በዝምታ ላይ መደመር ማንም አላስተማረኝ።

ነርሷ ራግንሂል ከትከሻዬ በላይ ወረቀቴን አየችው።
«ዶክተር» አለች በቀስታ፣ «እዚህ ሰው ትንሽ የሚለው
ጀልባው እስከ ወገቡ ውኃ ሲገባበት ነው።»

ሽቦዎቹን ለጠፍን። ወረቀቱ ላይ ልቡ
ገደል ሲቧጥጥ ታየ።
ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ እጁን ያዝኩ፤
እሱ ግን ስላስቸገረኝ ይቅርታ ይጠይቀኛል፣
ደግሞ ደጋግሞ፣ ላብ እያጠመቀው።

ተረፈ። ጥር ሲያልቅ፣ ፀሐይ ቅንድቧን ብቻ ብቅ ስታደርግ፣
ደጃፌ ላይ ዓሣ አገኘሁ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ።
አላንኳኳም። ስሙንም አልጻፈ።
ከመዝገበ ቃላቴ ያንን ቃል ፈልጌ
ትርጉሙን በእርሳስ ሰረዝኩት፤
በምትኩ ምን እንደምጽፍ ግን አላወቅኩም።

መጋቢት ነው። ከራግንሂል ጋር የክትባት ብልቃጥ እንቆጥራለን።
ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት።
«አገርሽ ይናፍቅሻል?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።
ሠላሳ ሦስት።
«ትንሽ» አልኳት።

በእጇ የነበረውን ብልቃጥ ቀስ ብላ አስቀመጠች፤
ወንበር ስባ፣ ምንም ሳትል፣ አጠገቤ ተቀመጠች።